የኅዳር በሽታና የክትባት ሚዛን

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ የቅዱስ ሚካኤል በዓል በሚውልበት ዕለት፣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች ከየደጁ ጢስ ሲነሣ ታያላችሁ። ከሰበታ በዓለም ገና በኩል ወደ ዓየር ጤና የሚመጣው፣ ከቡራዩ ወደ አስኮ የሚወርደው፣ ከሱሉልታም የእንጦጦን ጀርባ ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ የሚገባው የመንግሥት ሠራተኛ በዚያ ቀን ጧት ዓይኑን እያሸ ወደ ሥራው ይሄዳል። ልጆች የግቢውን ጥራጊ ይሰበስባሉ፤ እናቶች እሳቱን ይለኩሳሉ፤ ሽማግሌዎችም «ኅዳር ሲታጠን ነው» ይላሉ። ነገር ግን ኅዳር ስለ ምን እንደሚታጠን ቆም ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግራችን ከዚህ ጥያቄ ተነሥቶ ወደ ሌላ ጥያቄ ይደርሳል፤ ይኸውም «የእንፍሉዌንዛ ክትባት ብዙ ዓይነት አለው ይባላል፤ ታዲያ ከሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚራራቁ ቢመስሉም አንድ ሥር እንዳላቸው ወደ ፊት እናያለን። የአገራችንን ነገር በዓመተ ምሕረት፣ የውጭውን ዓለም ነገር ግን በአውሮፓ አቆጣጠር እንደምናወሳ አስቀድመን እናስታውቃለን።

በ1911 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በሚያበቃበት ወራት፣ በመላው ዓለም የተስፋፋው የእንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ አገራችንም ገባ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበርና፣ ሸቀጥና መንገደኛ የሚያመላልሰው ይኸው መንገድ ደዌውንም ሳያመጣ እንዳልቀረ ይታመናል። በሽታው እጅግ የበረታው በኅዳር ወር ስለ ነበረ ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ ጠራው። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በጽኑ ታመው ከሞት ተርፈዋል፤ በኋላም ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ሰው እንደ ሞተ መዝግበዋል። የከተማይቱ ሐኪሞች ጥቂቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ በሽታው የጣላቸው ነበሩ። አስታማሚው ከታማሚው ጎን ወደቀ፤ መቃብር የሚቆፍር ጠፋ። በመላው ዓለም የሞተው ሰው ብዛት 50 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ይገመታል።

በዚያ ጭንቅ ሰዓት አባቶቻችንና እናቶቻችን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የባሕር ዛፍ ቅጠል አጤሱ፤ ነጭ ሽንኩርት በሉ፤ ጥራጊውን ሰብስበው አቃጠሉ፤ ጸለዩ። የኅዳር 12 ጢስም የዚያ መከራ መታሰቢያ ሆኖ እስከ ዘመናችን እንደ ደረሰ ይነገራል። ግቢን ማጽዳት መልካም ልማድ መሆኑን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን እንፍሉዌንዛ ከጥራጊ ሳይሆን ከሰው ትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ነውና፣ ጢሱ በሽታውን ስለ መከልከሉ ምስክር አልነበረውም። ከታጠነው ቤትና ካልታጠነው ቤት የትኛው ብዙ ሬሳ እንዳወጣ የቆጠረ ሰው አልነበረም። ወረርሽኙ ሲያልፍ የተረፈው ሁሉ «ያዳነኝ ይህ ነው» አለ፤ የሞተው ግን ምስክርነቱን ሊሰጥ አልቻለም።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ስንል አባቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። በዚያው ዓመት ታላላቅ ላቦራቶሪዎች የነበሯቸው አገሮች ከዚህ ስሕተት አላመለጡም። ሪቻርድ ፋይፈር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1892 ከእንፍሉዌንዛ ሕሙማን ጉሮሮ አንድ ባክቴሪያ አግኝቶ «የበሽታው ምክንያት ይህ ነው» ብሎ ነበር። እንግዲህ በ1918 በአሜሪካና በአውሮፓ ይህንኑና ሌሎችን ባክቴሪያዎች ገድለው ክትባት እያደረጉ በብዙ ሺህ ለሚቆጠር ሰው ወጉ። የሐኪሞቹም ሪፖርት «ከተከተቡት የታመሙት ጥቂቶች ናቸው» የሚል ሆነ። ይሁን እንጂ ብዙው ክትባት የተሰጠው ወረርሽኙ ከበረታ በኋላ ነበር። ቀድሞ የታመመውና የሞተው ባልተከተቡት ተራ ተቆጠረ፤ በሽታውን ያመለጠው ሰው ደግሞ ኋላ ቢከተብ «ክትባቱ አዳነው» ተባለ።

በዚህ ጊዜ ጆርጅ ማኮይ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ቀላል የሚመስል፣ ነገር ግን ታላቅ ሥራ ሠራ። በካሊፎርኒያ ባለ አንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሕሙማኑን በተራ እየቆጠረ አንዱን ከተበ፣ ቀጣዩን ተወ። ሁሉም በአንድ ግቢ የሚኖሩ፣ አንድ ምግብ የሚበሉ፣ አንድ አየር የሚተነፍሱ ነበሩ። በሽታው ከመጣ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ሲቆጠሩ ክትባቱ ከምንም እንዳላዳነ ታወቀ። ይህ ውጤት ተስፋ የሚያስቆርጥ ቢመስልም ትርፉ ከኪሳራው ይበልጣል፤ የክትባት ሚዛን ምን መምሰል እንዳለበት አስተምሯልና። ሁለቱ ወገኖች እኩያሞች ይሁኑ፤ ለበሽታው በአንድ ጊዜ ይጋለጡ፤ ቆጠራውም በአንድ ደንብ ይሁን። ይህ ከጎደለ ሺህ ምስክር ቢቆም ፍርዱ ትክክል አይሆንም።

እውነተኛው ጠላት የታወቀው ከ15 ዓመት በኋላ ነው። በ1933 ዊልሰን ስሚዝ፣ ክሪስቶፈር አንድሩስና ፓትሪክ ሌይድሎ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የታማሚዎችን የጉሮሮ እጥበት በረቂቅ ማጣሪያ አሳልፈው፣ ሸለምጥማጥ ለምትመስል ፌሬት ለምትባል ትንሽ እንስሳ ሰጧት፤ እንስሳይቱም ታመመች። ማጣሪያውን ባክቴሪያ ሊያልፈው አይችልም ነበርና በሽታውን የሚያመጣው ከባክቴሪያ የሚያንሰው ቫይረስ መሆኑ ተረጋገጠ። ጥቂት ቆይቶም ይህ ቫይረስ ጫጩት መሆን በጀመረ የዶሮ ዕንቁላል ውስጥ ሊባዛ እንደሚችል ታወቀ። በቢሾፍቱ የሚዘጋጀውን የዶሮ ፈንግል ክትባት የሚያውቁ በሰበታና በቡራዩ ያሉ ዶሮ አርቢዎች በዚህ ነገር አይደነቁም፤ ያም ክትባት ከዕንቁላል ይገኛልና።

ቶማስ ፍራንሲስና ዮናስ ሶልክ የተባሉት አሜሪካውያን ሐኪሞች ከዕንቁላል የተገኘውን ቫይረስ ገድለው ክትባት አደረጉት፤ በ1943ም በየዩኒቨርሲቲው በሚሠለጥኑ ወታደሮች መካከል አንዱን በእውነተኛው ክትባት፣ አንዱን በባዶ መርፌ እየወጉ መዘኑት። ወረርሽኙ በመጣ ጊዜ ካልተከተቡት ከመቶ 7 ያህሉ ሲታመሙ ከተከተቡት የታመሙት ከመቶ 2 ያህል ብቻ ሆኑ። ይህም ማለት ሊታመሙ ከነበሩት አሥር ሰዎች ሰባት ያህሉን ክትባቱ አድኗል ማለት ነው። ደስታው ታላቅ ነበር። ነገር ግን በ1947 እነዚያው ሰዎች በዚያው ዓይነት ክትባት ተማሪዎችን ከተቡና ቢቆጥሩ፣ ከተከተቡት ከመቶ 7 ያህሉ፣ ካልተከተቡትም ከመቶ 8 ያህሉ ታመው ተገኙ። ክትባቱ አልተበላሸም፤ የሠሩትም ሰዎች አልሰነፉም። የተለወጠው ቫይረሱ ነበር።

እዚህ ላይ «ክትባት» የሚለው ቃል በአገራችን ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ይጠቅማል። «ከተበ» ማለት ጻፈ ማለት ነው። አባቶቻችን ዘመናዊው ሕክምና ከመምጣቱ በፊት ከፈንጣጣ ቁስል ወስደው የጤነኛውን ሰው ቆዳ እየጫሩ ይከትቡ ነበር። በፈንጣጣ ላይ የተጻፈው ጽሕፈት ብዙ ዘመን ይነበባል፤ ፈንጣጣ መልኩን አይለውጥምና። ከዚህም የተነሣ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ በኢትዮጵያ ታየ፤ ቆይቶም በሽታው ከሶማሊያ ሲጠፋ በመላው ዓለም ዘሩ ተቆረጠ። እንፍሉዌንዛ ግን እንደዚህ አይደለም። ዘበኛ ሌባውን በካፖርቱ ብቻ ቢያውቀው፣ ሌባው ካፖርቱን ቀይሮ ሲመጣ በሩን ይከፍትለታል። የሰውነታችንም ዘበኛ በእንፍሉዌንዛ ፊት እንደዚሁ ነው።

ቫይረሱ ልብሱን ከየት ያመጣል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ ከደጃችን ሩቅ አይደለም። የእንፍሉዌንዛ «ኤ» ቫይረስ ጥንታዊ ቤቱ የዱር ውሃ ወፎች ናቸው። የሱሉልታን ረግረጋማ ሜዳ በጥቅምት ወር ያለፈበት ሰው፣ ወይም በቡራዩ አጠገብ ባለው በገፈርሳ ግድብ ዳር የቆመ ሰው፣ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምቱን ሸሽተው የመጡ ዳክዬዎች ከአገራችን ወፎች ጋር በአንድ ውሃ ላይ ሲዋኙ አይቷል። ለዓይን የሚያምር ነገር ነው፤ ለሐኪም ግን የሚያሳስብም ነው። የወፍ ቫይረስና የሰው ቫይረስ በአንድ ገላ ውስጥ ቢገናኙ ዘራቸውን ሊለዋወጡ ይችላሉና፤ የ1957 እና የ1968 ወረርሽኞች የተወለዱት ከወፍ የመጣ ዘር ከተቀላቀለበት ቫይረስ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወፍ እንፍሉዌንዛ ናይጄሪያንና ግብፅን አልፎ ወደ ጎረቤቶቻችን ወደ ሱዳንና ወደ ጅቡቲ ሲደርስ የአገራችን ሐይቆችና ረግረጎች ሁሉ ዓይን ተጣለባቸው። በሰበታ ያለው የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪም ከሚጠብቃቸው በሮች አንዱ ይኸው ነው። እንግዲህ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ፣ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ሦስት ከተሞች፣ ከዚህ የዓለም ታሪክ ውጭ አይደሉም።

ስለሆነም የዓለም የጤና ድርጅት ከ1952 ጀምሮ የየአገሩን ላቦራቶሪዎች በአንድ መረብ አስተሳስሮ ቫይረሱን ይከታተላል። ሊቃውንቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ተሰብስበው ክትባቱ ምን ምን ዓይነት ቫይረስ እንዲይዝ ይመክራሉ፤ በየካቲት ለሰሜኑ የምድር ክፍል፣ በመስከረም ለደቡቡ። ምክሩ ሲሰምር ክትባቱ ወደ ሐኪም ከሚያደርስ በሽታ ከመቶ 40 እስከ 60 የሚሆነውን ይከላከላል። ሳይሰምር ሲቀር፣ ለምሳሌ በ2014 ክረምት በአሜሪካ እንደሆነው፣ ከመቶ ወደ 19 ይወርዳል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ከክትባቶቹ የትኛው ይበልጣል? በመርፌ የሚሰጠው ከዕንቁላል የተገኘ ሙት ቫይረስ አለ፤ በአፍንጫ የሚነፋ የደከመ ሕያው ቫይረስ አለ፤ ለሽማግሌዎች ተብሎ መጠኑ አራት እጥፍ የተደረገ አለ፤ ቫይረሱ በዕንቁላል ውስጥ መልኩን እንዳይቀይር በማለት ያለ ዕንቁላል የሚሠራም አለ። እያንዳንዱ በሚዛን ላይ ወጥቷል። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ከ30 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ በተደረገና በ2014 በታተመ ሙከራ፣ መደበኛውን ከተከተቡት ከሺህ 19 ሰዎች ሲታመሙ ከፍተኛውን መጠን ከተከተቡት ከሺህ 14 ሆኑ። ጋዜጦች ይህን «24 በመቶ ይበልጣል» ብለው ጻፉት። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ዳሩ ግን ከሺህ ሰው አምስት ማለት እንደሆነ ያላስተዋለ ሰው ይሳሳታል። በ2017 የታተመው ያለ ዕንቁላል የሚሠራው ክትባት ሙከራም ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ጀምሮ በሆኑ ሰዎች ላይ ከሺህ 32ን ወደ 22 ዝቅ አድርጓል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስተምረን በአፍንጫ የሚነፋው ክትባት ታሪክ ነው። በ2007 በታተመ ታላቅ ሙከራ ከአምስት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ ከመርፌው ጋር ተመዝኖ፣ በመርፌ ከተከተቡት ከመቶ ዘጠኝ ያህሉ ሲታመሙ በአፍንጫ ከተሰጣቸው የታመሙት አራት ያህል ብቻ ነበሩ። አሸናፊው እርሱ ነው ተባለ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን በአሜሪካ በየክረምቱ ሲቆጠር፣ ከ2009 ወረርሽኝ ወዲህ በመጣው ቫይረስ ላይ ሕፃናቱን ሊያድናቸው አልቻለም፤ ከዚህም የተነሣ የአገሪቱ የክትባት አማካሪዎች ለሁለት ክረምት እንዳይሰጥ አሉ። በውስጡ የነበረው የቫይረስ ዘር ከተለወጠ በኋላ በ2018 ተመለሰ። አንዱ ክትባት በአንድ ዘመን አንደኛ፣ በሌላ ዘመን መጨረሻ፣ ቆይቶም ከእኩዮቹ ተርታ ሆነ።

ደግሞም ብዛት ሁሉ ብልጫ አይደለም። ለብዙ ዓመታት አራት ዓይነት ቫይረስ የያዘ ክትባት ሦስት ዓይነት ከያዘው የተሻለ ነው ይባል ነበር። ከአራቱ አንዱ፣ «ያማጋታ» የተባለው የ«ቢ» ዘር፣ ከመጋቢት 2020 ወዲህ በሰው ላይ አልታየም። ስለዚህ ከ2024 ጀምሮ ብዙ አገሮች ወደ ሦስቱ ተመለሱ፤ ለጠፋ ሌባ ዘበኛ ማቆም ትርፉ ወጪ ነውና።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ «የትኛው ይበልጣል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የአንድ ክትባት ስም አይደለም። የክትባት ብርታት በብልቃጡ ውስጥ ታሽጎ የሚኖር ነገር ሳይሆን፣ በዚያ ዓመት በሚዞረው ቫይረስ፣ በተከታቢው ዕድሜና በጊዜው መካከል የሚገኝ ዝምድና ነው። ስለዚህ ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው የሚጠይቀው ይህን ይሁን፦ ይህ ክትባት የተሠራው ለየትኛው ዓመት ነው? ለሰሜኑ ነው ወይስ ለደቡቡ የምድር ክፍል? ለእኔ ዕድሜና ለእኔ ጤና የሚስማማውስ የትኛው ነው? በአፍንጫ የሚነፋው ለእርጉዝ ሴት አይሰጥም፤ ከፍተኛው መጠን የታሰበው ለአረጋውያን ነው፤ ያለፈው ዓመት ክትባትም ለዘንድሮ አያገለግልም። ከዚህም ጋር፣ ከተከተበ በኋላ ጉንፋን የያዘው ሰው «ክትባቱ ዋጋ የለውም» ለማለት አይቸኩል፤ ጉንፋን የሚያመጡ ሌሎች ቫይረሶች ብዙ ናቸውና። በመቶ አርባ ማዳንም ትንሽ ነገር አይደለም። አርባዎቹ የማን እናትና የማን አባት እንደሚሆኑ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

የሚቀረው የእኛ ድርሻ ነው። በአገራችን የእንፍሉዌንዛ ክትባት በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ አልገባም። አንድ ቀን ይግባ ቢባል እንኳ አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች ስለሆነች፣ ከሰሜኑና ከደቡቡ የትኛውን፣ በየትኛውስ ወር እንስጥ የሚለውን ከበረዶ አገር በተገኘ ቁጥር ብቻ ልንቆርጠው አይገባም። መልሱ የሚገኘው በራሳችን ቆጠራ ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ ከየሆስፒታሉና ከየጤና ጣቢያው የሚመጣለትን የሕሙማን ናሙና የሚመረምረውም ለዚህ ነው። ስለዚህ በሰበታ ወይም በሱሉልታ ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ከሚያስለው በሽተኛ አፍንጫ በጥጥ ናሙና ስትወስድ፣ በሽተኛውም «ይህ ለምኔ ነው?» ብሎ ሲያጉረመርም፣ ሁለቱም የሚሠሩት በ1911 ዓ.ም. ማንም ያልሠራውን ሥራ መሆኑን ይወቁት። ቁጥሩን በንጽሕና የሚጽፈው መዝገብ ቤትም፣ ሪፖርቱን በቀኑ የሚያደርሰው ጸሐፊም ከዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እነርሱ በነበራቸው ቅጠል ሞከሩ፤ የሞቱትን ግን በውል የቆጠረላቸው አልነበረም። ከ10 ሺህ በላይ የተባለው ቁጥር ግምት እንጂ የስም ዝርዝር አይደለም። በመጪው ኅዳር 12 ቀን ጢሱ ከእንጦጦ እስከ ወጨጫ ሲጋረድ፣ ስማቸው ያልተጻፈውን እነዚያን ሰዎች እናስባቸው። ግቢያችንን እናጽዳ፤ ጥራጊውን ስናቃጥል ሳንባው የደከመውን ጎረቤታችንን አንርሳ፤ ክትባት ይሁን ሌላ መድኃኒት ሲቀርብልን ደግሞ «ከምን ጋር ተመዘነ?» ብለን ለመጠየቅ አንፈር።

እግዚአብሔር አገራችንን ከመቅሠፍት ይጠብቅልን።